የማያድግ ዛፍና የማያፈስ ሸክላ

ወረታ ችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ፎርማኑ የአፈር ክምርና አንድ ጥቅል የፕላስቲክ ከረጢት አሳየኝና "ሙላ" አለኝ። ሌላ ሥልጠና አልነበረም። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ፤ ከዚያ ከረጢቱን መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ። ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ከቀን ሠራተኛነት ተነሥቼ እኔም ፎርማን የሆንሁት ያንኑ ከረጢት እየሞላሁ ነው፤ ስለ ማዕረጌ ሌላ የማወራው ጀብዱ የለኝም።

ድንክ ዛፍ የመንከባከብ አባዜ የያዘኝ በፍየሎች ምክንያት ነው። ለሩዝ ሥራ ፎገራ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ነበር፤ አማርኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ይችላል። አንድ ቅዳሜ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልንታጠብ ስንሄድ፣ ጭንጫ ላይ የበቀለች ወይራ አየና መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፤ ግንዷ ግን የሰው ክንድ ያህል ወፍሮ ተጠማዟል።

"ማን ሠራት?" አለኝ።

"ፍየል። ጫፏን እየቀጠፈች።"

"ብልህ ፍየል" አለ በቁም ነገር። በሀገሩ እንዲህ ያለውን ቦንሳይ እንደሚሉት፣ ሰውም ዕድሜ ልኩን በመቀስ እንደሚለፋበት ነገረኝ። ፍየል በነፃ ለምትሠራው ሥራ ሰው ዕድሜውን ሲጨርስ ማሰቡ አሳቀኝ። ክረምት ሲገባ ግን ተመልሼ ሄጄ ያችን ወይራ ከነሥሯ ቆፍሬ አመጣኋት።

ከተቃጠለ ሞተር ባወጣሁት የመዳብ ሽቦ ቅርንጫፎቿን አጎበጥሁ፣ ሽቦው ቅርፊቷን ሳይበላው ፈታሁ፣ ሥሯን ከረከምሁ። ዋርካም ግራርም ጨመርሁና ከጣቢያው ጀርባ መደርደሪያ ሠራሁላቸው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደሳለኝ መጥተው ቆመው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መንግሥት የቀጠረህ ዛፍ እንድታሳድግ ነው። አንተ እንዳያድግ ትጠብቃለህ!"

ይህን ያሉት ሰው ዘመዳቸው ለአዲሱ ሆቴሉ የጃፓን ዓይነት አትክልት ቦታ ሲያምረው ግን እኔኑ ላኩኝ። ድንጋዮቹን መርጬ ተከልሁ፤ መሐሉን የተነፋ አሸዋ አልብሼ በሬክ፣ በጥርሳሙ መጫሪያ፣ ሞገድ አስመስዬ አሰመርሁት። እውነቴን ነው፣ አምሮ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ላየው ብሄድ የባለ ሆቴሉ እናት ሸራ ዘርግተው ሩዛቸውን አስጥተውበታል። ዶሮ ለማባረርም ዋናው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ ይኼ እኮ የሚታይ ነው እንጂ የሚረገጥ አይደለም" አልኋቸው።

"ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ማስጫ አይቼ አላውቅም። ድንጋዩን ግን ምነው መሐል ላይ ተውኸው? ቦታ ያዘብኝ።"

የባጃጅ ሾፌሮች "ባለ ማስጫው" ይሉኝ ጀመር። አቶ ደሳለኝም ቢሮ አስጠሩኝ። "ከክረምት በኋላ ባሕር ዳር የአትክልት ኤግዚቢሽን አለ፤ አንዷን ዛፍህን ይዘህ ትቀርባለህ። ቆሞ የሚያያት ሰው ካልተገኘ መደርደሪያውን አፍርሰህ የቡና ችግኝ ታደርግበታለህ" አሉኝ። ለጣቢያው ሰው ሁሉ ሳቅ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ያ መደርደሪያ በሥራ ዘመኔ ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት ብቸኛ ነገር ነው።

ወይራዋ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ስለነበረች እንደዚያ ሆና ለእንግዳ አትቀርብም። ከከተማው ወጣ ብለው ሸክላ ወደሚሠሩት ወደ እትዬ አለምነሽ ሄድሁና ዝርግ፣ ጠርዙ አጭር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ሸክላ እንዲሠሩልኝ ነገርኋቸው።

"ቀዳዳ? ደኅናውን ሸክላ ልብሳው?"

"ውኃው እንዲወርድ ነው፣ እትዬ።"

"ውኃ የሚወርድበትንማ እሰብረዋለሁ እንጂ ለሰው አልሰጥም!"

እውነታቸውን ነው። ከእሳት የወጣውን ሁሉ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ውኃ ሞልተው አሳድረው ነው ገበያ የሚያወጡት፤ ያንጠባጠበውን እዚያው ይከሰክሱታል። ብዙ ለመንኋቸው። በመጨረሻ "እሺ፣ ላንተ ስል" አሉኝ።

ሸክላው ጥቁር፣ ልስልስ፣ ሲነኩት የሚጮህ ነበር። ገልብጬ አየሁት፤ ቀዳዳዎቹ አሉ። ጠጠር አነጠፍሁና ወይራዋን ተከልሁበት። ክረምቱን ሙሉ ዘነበባት። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ተባይ ነው ብዬ አመድ ነፋሁባት፤ ባሰባት።

የኤግዚቢሽኑ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ስጭናት አዘነበልኋትና ጥቁር የሚሸት ውኃ በረዳቱ ጫማ ላይ ተደፋ። "ጋሼ፣ ዛፍ ነው ረግረግ የጫኑት?" አለኝ። በቀዳዳው ሚስማር ከተትሁ፤ ግማሽ ገብቶ ቆመ። እትዬ አለምነሽ ሸክላቸው ለእይታ ሲቀርብ ሊያዩ አብረውኝ ተሳፍረው ነበር።

"እትዬ፣ ቀዳዳው እኮ አይዘልቅም!"

"ምን ቆርጦት ይዘልቃል? ቀዳዳ አልህ፣ ከሥር አደረግሁልህ። በሰው ፊት ሲያንጠባጥብ 'የአለምነሽ ሸክላ ያፈሳል' እንዲሉኝ ነው?"

ዛፏን አቅፌ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። በየጉድጓዱ ስንንገጫገጭ የቀረው ቅጠል ጭኔ ላይ ረገፈ።

ጠረጴዛዬ ላይ ደረቅ እንጨት አስቀምጬ ከጀርባው ተደበቅሁ። የመጀመሪያዋ ተመልካች ግን ዛፉን ትታ ሸክላውን በጣቷ አንኳኳችው። ሌላዋ ጠርዙን ዳሰሰች። ከዚያ ሰዉ ተደራረበ። እትዬ አለምነሽ ወንበሬን ወስደው ተቀመጡና እንዴት እንደሚያለሰልሱ፣ በምን እንደሚያጠቁሩ ያስረዱ ጀመር። ገበያ ላይ ሸክላቸውን የሚያራክስባቸው ሰው እንጂ ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው አልነበረም። ስለ ወይራዋ አንድ ሰው ሲጠይቃቸው "እሷ እንኳ ታማለች" ብለው አለፉት።

አቶ ደሳለኝ ሲደርሱ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የታያቸው። "ቆሙልህ እኮ! እንግዲህ መደርደሪያህ ይቆይ" አሉኝ። ሰዉ የቆመው ለሸክላው እንደሆነ ሳልነግራቸው "እሺ" አልሁ።

ወይራዋ ሞተች። አለቀስሁላት፤ ለዛፍ ያለቀሰ ፎርማን ብለው ይሳቁብኝ።

እትዬ አለምነሽ ዛሬም ሸክላ ይሠሩልኛል። ዛሬም ቀዳዳውን አያዘልቁትም። ጣቢያ ወስጄ በመሰርሰሪያ እጨርሰዋለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አንነጋገርበትም።

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ፣ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ሸክላው ላይ ውኃ አፍስሱና እዩ። ካልወረደ ሠሪዋን አመስግኑ፣ መሰርሰሪያም ፈልጉ።