ጫማ የሚወለቅበት ድንጋይ

ቡራዩ ውስጥ የስንቱን ቪላ አጥር እንደሠራሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። አጥሩ ሲያልቅ ባለቤቱ በሩን ይዘጋል፣ እኔ ከውጭ እቀራለሁ። አልመረረኝም ብል ውሸት ነው። የምኮራበት ድንጋይ ግን አንድ አለኝ። ወንዝ ዳር ነው ያለው፤ ሰው ይቀመጥበታል።

የድሬሰሩ መታሰቢያ ነው። ድሬሰር የምንለው የቀበሌያችንን ጤና ኬላ ብቻውን ተሸክሞ የኖረውን ሰው ነው። ጤና ኬላው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ግማሹ ሕዝብ ያለው ከወንዙ ወዲያ። ድልድይ እንሠራለን ያላለ ባለሥልጣን የለም፤ የሠራም የለም። ስለዚህ ድሬሰሩ ጫማውን ያወልቃል፣ በማሰሪያው አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሱሪውን ይጠቀልልና የክትባት ሣጥኑን ተሸክሞ ይሻገራል። ክረምት ከበጋ። የማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዳር ላይ ይጠብቁታል። አንድ ሐምሌ ጎርፉ ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ። ሣጥኑን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ እንደያዘ ወርዶ ወርዶ የዛፍ ሥር ጨብጦ ወጣ።

“ሣጥኑን ብትለቀው ምን ነበረበት?” አልኩት።

“ፈርሜ ነው የተረከብኩት” አለኝ፣ ውሃ እየተፋ።

እኔ በዚያን ጊዜ ፊርማ አላውቅም። የማውቀው አሻራ ነው። “ስብሰባው ላይ መገኘትህን ለማረጋገጥ ነው” ባሉኝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ፤ የአባቴ መሬት በዚያው ሄደ። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ቀለሙ ከጣቴ ሳይለቅ ጤና ኬላ ሄጄ ለድሬሰሩ አሳየሁት።

“ለዚህ መድኃኒት የለኝም” አለ። “ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና።”

ከሥራ ሲወጣ በረንዳው ላይ፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ፊደል አስቆጠረኝ። አላፊ አግዳሚው ያየኛል ብዬ አፍር ነበር። እሱ ግን ጀርባዬን ለመንገዱ አድርጎ ያስቀምጠኛል፤ የሚያይ ሰው የታመምኩ ይመስለዋል። ማንበብ ስጀምር “ከእንግዲህ አውራ ጣትህን ለማንም እንዳትሰጥ” አለኝ። አልሰጠሁም።

ኩላሊቱ ነው የገደለው። በሞተ በማግሥቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። እብነ በረድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ማዕረጉ በዝርዝር ይጻፋል፣ ሪባን ይቆረጣል ተባለ። ዓመት ሞላ፤ የመጣው ስብሰባ ብቻ ነው። ተዉት፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ከምሠራበት የድንጋይ ካባ ጥሩውን መርጬ እንደ መደብ አድርጌ ጠረብኩት። የላይኛውን መስመር በአፋን ኦሮሞ የድሬሰሩ ሴት ልጅ በጠመኔ ጻፈችልኝ፤ እሷ የጻፈችውን ተከትዬ በመሮ ፈለፈልኩ። የታችኛውን በአማርኛ ያለ ማንም እርዳታ ራሴ ጻፍኩት፤ ፈለፈልኩት። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ “እዚህ ጫማውን ያወልቅ ነበር።”

“ማዕረጉስ?” አለ የኮሚቴው ሊቀመንበር።

“ማዕረጉ ይኸው ነው” አልኩት።

የተጻፈበት ድንጋይ እስኪጫን ድረስ በፊቱ ይደፋል፤ ፊደሉ እንዳይሸረፍ። እኔም ካባው አፍ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ገለባ አንጥፌ ደፋሁት። ጠዋት በጋሪ ወደ ወንዙ ልንወስደው ነበር።

ወቅቱ ማስተር ፕላን የተባለው ነገር አገሩን ያናወጠበት ነው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ የሚወራው የመሬት ወሬ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ መንገድ ይዘጋሉ። እኔ አልፈረድኩባቸውም፤ የእኔ መሬት ቀድሞ ሄዷል። ጠዋት ካባው ስደርስ ግን ገለባው ብቻ ነው ያለው። ባለጋሪው ፈረሱን ይዞ ቆሟል።

“ልጆቹ ወሰዱት” አለኝ። “ዝርግ ነው፣ ለመንገድ መዝጊያ ይመቻል ብለው።”

ሮጥኩ። ድንጋዬ አስፋልቱ መሐል እንደተደፋ ነው፤ ሁለት ወጣቶች ያረጀ ጎማ እያንከባለሉ ወደሱ ይመጣሉ። እኛ ካባ ውስጥ አልበገር ያለውን አለት የምንሰነጥቀው ጎማ አንድደንበት ነው። እሳቱ ከተለኮሰ ያ ጽሑፍ አይተርፍም፤ ሁለተኛ ለመጻፍ ደግሞ ልቡም እጁም የለኝም።

“ጎማውን መልሱ” አልኩ።

“ፋዘር፣ ቤትዎ ይግቡ” አለኝ አንዱ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰው።

“ድንጋዩ የእኔ ነው።”

“መሬቱም የእኛ ነበር።”

ሳቁ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ፤ እውነቱን ነዋ።

“የድሬሰሩ መታሰቢያ ነው” አልኩ።

ቀይ ሹራቡ ከንፈሩን አጣመመ። “የመንግሥት ሠራተኛ አይደል እንዴ? ለመንግሥት ሰው ነው ሐውልት?”

“ቀኝ ክንድህን ግለጥ።”

“ምን?”

“እስከ ትከሻህ ግለጠው።”

“ግለጥለት እንጂ” አሉት ጓደኞቹ። “መርፌ የያዘ ይመስልሃል?”

ገለጠ። የክትባቱ ጠባሳ ምስር አክሎ ቁጭ ብሏል።

“አውቅሃለሁ፣ አንተ የማዶ ልጅ ነህ” አልኩት። “እናትህ አዝላህ ወንዝ ዳር ስትጠብቀው አይቻለሁ። ጫማ አውልቆ የመጣልህ መንግሥት አይደለም፤ ያ ሰው ነው።”

እጅጌውን መለሰ። አንዱ ጎማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አራቀው።

በዲጂኖ ገለበጡት። ቀይ ሹራቡ የላይኛውን መስመር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ወረደ።

“የታችኛውን ማን ጻፈው?”

“እኔ።”

“ፋዘር፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?”

“ስማ” አልኩትና ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ። ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። የሳቀ የለም።

ጋሪው ማለፍ አይችልም። “ራሳችን ዘግተነዋል” አለ አንዱ ራሱን እያከከ። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ገመድ አስረው ቃሬዛ ሠሩ፤ በሽተኛ ወደ ድሬሰሩ የሚመጣበትን ዓይነት። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ትከሻውን ይሰጣል፣ ጥቂት አድርሶ ለሌላው ይለቃል።

“ማን ታሞ ነው?” አለ ባለሱቁ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

“ድንጋይ ነው።”

“ደግሞ ድንጋይ መታመም ጀመረ?”

“ድሬሰሩ ናቸው” አለ ቀይ ሹራቡ። አንቱ ማለቱን ልብ አልኩ። ባለሱቁ ሱቁን ቆልፎ ከቃሬዛው ሥር ገባ። ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ድሬሰሩን አይተውት የማያውቁ፣ እነሱም ገቡ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሳይቀር ከደጁ ወጥቶ ተሸከመ። ለፎቶ ነው ብዬ ነበር፤ ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም፣ እሱም እስከ ወንዙ ድረስ አለቀቀም። ይህንንም እመሰክርለታለሁ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሲቀበሩ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ድንጋይ በክብር የሄደ አላየሁም።

መሻገሪያው ላይ ተከልነው። ሪባን አልነበረም። ሰዉ ሲበተን ቀይ ሹራቡ ቀረ፤ ቤቱ ማዶ ነው። ድንጋዩን አየው፣ እኔን አየኝ።

“ልቀመጥበት?” አለኝ።

“ለምን የሠራሁት ይመስልሃል?”

ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተሻገረ።

ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። በቅርቡ ከቢሮ መጥተው መታሰቢያው እንዳይነካ አጥር ሥራለት አሉኝ፤ የምፈርመውም ወረቀት ይዘው ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ሳልፈርም መለስኩላቸው። አጥር ከታጠረበት ሰው የት ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል?