ጥቅምት ሠላሳ

ሥራ አልጠላም፤ የምጠላው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ይህ ጠባዬ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ብዙ ቁጣ አስከትሎብኛል። ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠርም አብሮኝ ገባ።

የክፍላችን ትልቁ ሥራ በየክረምቱ የመምህራንን ዝውውር ማዘጋጀት ነበር። ወደ ቢቸና መዛወር የሚፈልጉ መምህራን ማመልከቻ ከሞጣም፣ ከመርጡለ ማርያምም፣ ከሌላውም አካባቢ ተሰብስቦ ወደ እኛ ይመጣል። የእያንዳንዱ አገልግሎት ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ይሰላል፤ ብዙ ያገለገለው ከላይ፣ ጥቂት ያገለገለው ከታች ሆኖ ይደረደርና ለኮሚቴ ይቀርባል። ከእኔ በፊት ይህን በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ፋይሉን ይከፍታሉ፣ ቀኑን በጣታቸው ይይዛሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያሰላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ፋይሎቹን ይቆጥራሉ፣ ስሞቹን ይቆጥራሉ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ከመጀመሪያው ይነሳሉ። ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሳይ ያቁነጠንጠኝ ነበር።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ብዙም ሳይቆይ ለክፍላችን ኮምፒዩተር መጣ። አንድ ዓመት ያህል እንደ ታቦት በጨርቅ ተሸፍኖ ኖረ፤ የሚገለጠው ደብዳቤ ሲጻፍ ብቻ ነበር። እኔ ግን ለሥልጠና ባሕር ዳር ተልኬ ስመለስ ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ መጽሐፍ ይዤ መጣሁ። መሐሉ ላይ ገጾች ጎድለውታል። ከእርሱ ነው ማክሮ የሚባለውን የተማርኩት። ደጋግመው የሚሠሩትን ሥራ አንድ ጊዜ በትእዛዝ ጽፈው ለማሽኑ ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሲጫኑ ራሱ ይሠራዋል። አንድን ነገር ሁለቴ መጻፍ ለምትጠላ ሴት ከዚህ የተሻለ ነገር ምን ይመጣላታል? መጽሐፉን በምሳ ሰዓት ከእጄ አላወጣውም ነበር።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴም ዝውውር ጠይቃ ነበር። ከሞጣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት አስተምራለች። እኔ ቢቸና ከእናታችን ጋር ነው የምኖረው። የእናታችን ዓይን እየደከመ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎናል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሄዳል። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ያለቀሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው፣ «የቀረችኝን ብርሃን እሷን እያየሁ ልጨርሳት። አንቺንማ አይቼሻለሁ» ነበር። እህቴ ያን ክረምት ካልመጣች ሌላ ዓመት መጠበቅ ነበረባት፤ የእናቴ ዓይን ደግሞ ሌላ ዓመት ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ አልነበረም።

በመሥሪያ ቤቱ ስለ ዘመድ ሐሜት አይጠፋም። እህቷን አስቀድማ አስገባች እንዳልባል ፈራሁና የሞጣውን ፋይል ሁሉ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ እሷ ወደ ኮምፒዩተሩ እንድታስገባው አደረግሁ። የእህቴን ስም ፈልጌ ላላይ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለኃላፊያችንም፣ «ማሽን ዘመድ የለውም» አልኩት። ንግግሬን ወዶት ለሰው ሁሉ ሲደግመው ሰነበተ።

ማክሮውን ስጽፍ በጣም የኮራሁበት ነገር ጳጉሜን ነበር። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። እኔ ይህን ከማንም ሳልሰማ አስቤ፣ በጳጉሜን የተቀጠሩትን ለብቻ የሚያሰላ ትእዛዝ ጨመርኩለት። ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ሥራውን ሲጀምር መሐል ላይ ይቆማል፤ አንዱ ቀን አይገባውም፣ መስመሩን ቢጫ ቀብቶ ይገትረኛል። የባልደረባዬ የትየባ ስህተት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደከመኝም። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት አጭር ትእዛዝ አገኘሁ። ስህተት ካጋጠመህ ዝለለውና ቀጥል የምትል ናት። እሷን ከላይ ጻፍኩ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልቆመም።

ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ቀን መሆኑን የተረዳውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ያልገባውን ወደ ግራ ይተወዋል። በቀኑ ዓምድ ላይ ሦስት ቦታ ወደ ግራ የተለጠፉ ነበሩ። ጸሐፊ ነኝና ወጣ ገባ ያለ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል። ስማቸውንም ቀናቸውንም ሳላነብ ዓምዱን በሙሉ መሐል ላይ አሰለፍኩት። በጣም አማረ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው መጡ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ ጋሼ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።»

«ስንት ፋይል ገባ፣ ስንት ስም ወጣ?»

«ማሽን እኮ አይረሳም፤ እርስዎ ደግሞ መቁጠር ይወዳሉ» አልኩና ሳቅሁ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ። ሦስት ሳምንት የሚፈጅባቸውን ሥራ በአሥር ደቂቃ ከነጠቀቻቸው ልጅ ፊት ለፊት ቆመው መሳቃቸው ዛሬ ይቆጨኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሴንም አላወቅሁም ነበር።

ዝርዝሩ በሐምሌ መጀመሪያ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። እህቴ ከሞጣ በአውቶቡስ መጣች። ጭቃ በጭቃ ሆና በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄዳ ስሟን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለገችው። ካለፉትም ካላለፉትም መሐል አልነበረም። ቤት ስገባ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ዝርዝሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች።

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ማሽኑ ነው የደረደረው።»

«ታዲያ እኔ የት አለሁ?»

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ነው። እኔን ግን ነገሯ ነካኝ። ሁሉም ያደነቀውን ሥራዬን ተጠራጠረች ብዬ ተቆጣሁ።

«ማሽኑ አይሳሳትም። ቅጹን አበላሽተሽ ሞልተሽ ይሆናል» አልኳት።

እናቴ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ በደበዘዘ ዓይኗ ስታይ ቆየችና እህል ውኃ እንድናቀርብ አዘዘችን። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። እህቴ ግን ቅሬታ አላቀረበችም፤ ጥቂት ቀን አብራን ሰንብታ ወደ ሞጣ ተመለሰች።

በታኅሣሥ ሽማግሌው በገመድ የታሰሩ ሦስት ፋይሎች ይዘው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። መዝገብ ቤቱን ሲያጸዱ እንደ ልማዳቸው ቆጥረው ነበር። «እነዚህ ገብተዋል፤ አልወጡም» አሉና ሄዱ።

የመጀመሪያው የእህቴ ነበር። ሦስቱንም ከፈትኳቸው። ሦስቱም የተቀጠሩት ባንድ ቀን ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይተው የተቀጠሩ ናቸው፣ ጥቅምት ሠላሳ። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ሠላሳ፣ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ወደ ግራ ተለጠፈ። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፤ ለማሽኑ ግን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው፣ እርሱም ሠላሳ ቀን የለውም። ሁሉም የሚያውቀውን ጳጉሜን አስታውሼ ጥቅምት ሠላሳን ረሳሁ። ማሽኑ እነዚህ ላይ ደርሶ ሲቆም እየነገረኝ ነበር፤ ዝለል ያልኩት እኔ ነኝ።

ለኃላፊው ነገርኩት። የቅሬታ ጊዜ አልፏል፣ ቦታውም ተይዟል፣ ለከርሞ ይታያል አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለእናቴ መንገር አቃተኝ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተገናኘን። እናታችን የሞተች መስሏት ፊቷ አመድ ሆነ። «ደህና ናት» ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቢጫውን መስመር፣ ዓምዱን ማሰለፌን፣ ጥቅምት ሠላሳን። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መቆጣቷንም ፈልጌው ነበር።

«እኔ እኮ ቅጹን ያበላሸሁ እኔ ነኝ ብዬ ነው የከረምኩት» አለች። «እናቴን በገዛ እጄ ከለከልኳት እያልኩ። አንቺ እንደዚያ ስትዪ አመንኩሽ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። «ሌሎቹ ሁለቱ ሰዎችስ? ነገርሻቸው?» አለችኝ።

አልነገርኳቸውም ነበር። ስለ እነሱ አላሰብኩም ነበር ብል ይሻላል። ከሞጣ ስመለስ ለሁለቱም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለእያንዳንዳቸው በእጄ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንደኛው መለሰልኝ፤ ሚስቱ ቢቸና ብቻዋን እሱን መጠበቅ ሰልችቷት ትታው ሄዳለች። ሌላኛዋ አልመለሰችልኝም።

በሚቀጥለው ክረምት የእህቴ ስም ከላይ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ዝለል የምትለውን ትእዛዝ አጥፍቼ፣ ፋይሎቹን ከሽማግሌው ጋር አንድ በአንድ ቆጥሬ ነበር። እህቴ ዕቃዋን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና ነሐሴ ላይ ገባች። እናቴ ከግንቦት ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የምትለየው፤ ሐምሌ ላይ እሱም ሄደ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እጅ ሁሉን አይነግርም። አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ትመስላለች?» አለች።

ከስታለች አልኩ። ፀሐዩ አጥቁሯታል። ጥርሷ እንደዱሮው ነው። የሞጣን ነጠላ ለብሳለች፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እናቴ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ትነቀንቃለች። ፀጉሯ ላይ ስደርስ ባንድ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊቱ ሸብቶ አየሁና፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች አልኩ፣ ወደ ጫማዋም አለፍኩ።

እህቴ ፊቷን ከእናቴ እጅ ሳታወጣ፣ «አትዝለይ» አለችኝ፤ «ሽበቱንም ንገሪያት።»