ወርካው ሥር የቆመው ቴሌቪዥን

ባለፈው ዓርብ እህቴ ፋጡማ ከኮምቦልቻ በምስል ደወለችልኝ። የደወለላት ልጇ ነው፤ እሷማ ስልኩን የምትይዘው እንደ ትኩስ ቂጣ ነው። ፊቷ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ድምፅ ግን የለም። እኔ «አልሰማሽም!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷም እየጮኸች ነው መሰል የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ወዲያው ሳቄ መጣ። ያ የሐይቅ ዳር ቀን እንዳለ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሐይቅ ከተማ ውስጥ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪም ክሊኒካችን ተመደበ፤ ሚስቱ ኢኔስ ትባላለች። እሷ ጀርመናዊት አይደለችም። ቺሊ ተወልዳ፣ ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ ተሰዳ ነው ጀርመን የገባችው። ሥራዋን ሲጠይቋት «ሠዓሊ ነኝ» ትላለች፤ ግን ቀለምም ብሩሽም የላትም። የምትሠራው በቴሌቪዥንና በካሜራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ያኔ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር። እንግሊዝኛ እሞካክር ስለነበር አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ደስታዬ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር!

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ እየበላን አሳቧን ነገረችኝ። «ቴሌቪዥን ሁልጊዜ ከላይ ይናገራል፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል» አለች፤ ሚጥሚጣው አቃጥሏት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ ሰውና ሰው የሚተያዩበት ቴሌቪዥን ነው የምፈልገው።» አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ካሜራ ታንኳዎቹ የሚያርፉበት ዳርቻ ላይ፣ ሌላ ጥንድ ደግሞ ከጉብታው ወዲያ መንገድ ዳር ወርካው ሥር ይቆማል። ወርካው ሥር ያለው የዳርቻውን ሰው ያያል፤ ዳርቻ ያለው የወርካውን።

«ድምፁስ?» አልኳት።

«ድምፅ ካለ ሰው ማየቱን ይተዋል።»

እኔን ግን የዚያን ሰሞን ሌላ ጭንቀት ይዞኛል። አባቴ ይመርና ታናሽ ወንድሙ እንድሪስ፣ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል የሐይቁ ዳር ማሳ ለእንድሪስ ከደረሰ ወዲህ ተኳርፈዋል። የፋጡማ ኒካህ ደርሷል። አባቴ «እሱ ካለበት ድግስ እኔ የለሁም» ይላል፤ አጎቴ «እሱ ራሱ ካልጠራኝ ደጁን አልረግጥም» ይላል። ሽማግሌዎች ለፍተው ለፍተው ተዉት። ፋጡማ አባት ወይም አጎት የጎደለበት ሠርግ አልፈልግም ብላ ታለቅሳለች። በእኛ ዘንድ ሰላምታ መጀመር ሱና ነው፤ የተሰጠን ሰላምታ መመለስ ግን ግዴታ። ስለዚህ ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ተራራው ያያል። ካልተያዩ ሰላምታ የለ፤ ሰላምታ ከሌለ መልስ የለ።

ፈቃድ ልንጠይቅ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ኢኔስን ከእግር እስከ ራሷ አያትና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓዲት ዘሃራ፣ በዚህ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ምንድን ነው?»

«ሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዜና የለውም?»

«የለውም።»

«ሰፊው ሕዝብ ከሆነማ ምን ክፋት አለው!» አለና ወርካው ላይ የመፈክር ጨርቅ እንዲሰቀል አዘዘ።

ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል፣ ሐይቁም ጸጥ ብሏል። የገበያ ቀን ስለሆነ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰዉ ጎረፈ። ገመዱ በቅንጭቡ አጥር ላይ ተዘርግቷል፤ ከክሊኒኩ የመጣው ጀነሬተር ያጓራል። ኢኔስ ወርካው ሥር ሆነች፤ እኔ ዳርቻው ላይ። የቴሌቪዥኑ መስተዋት ብልጭ ብሎ የወርካው ሰዎች ሲወጡልን ዳርቻው በአንድ ድምፅ «ያረብ!» አለ። አንዷ እናት ልጇን አይታ የያዘችውን የበቆሎ ጥብስ ወደ መስተዋቱ ዘረጋችለት። ልጁም እዚያ ሆኖ እጁን ዘረጋ። ሳቁ ጉብታውን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እዘላለሁ፣ አጨበጭባለሁ!

መስተዋቱ ውስጥ አባቴ ወርካው ሥር ከፊት ተቀምጦ አየሁት፤ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ያኔ አጎቴ እንድሪስ ታንኳውን አስሮ፣ «ምንድን ነው ጫጫታው?» እያለ መጥቶ ካሜራው ፊት ቆመ። ዓሣ የነካ ሰው ዝንብ አይለቀውም። አፍንጫው ላይ ያረፈችውን ዝንብ በቀኝ እጁ አባረራትና፣ የወደቀ ኩታውን ሊሰበስብ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። በቃ፣ ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

አባቴ መስተዋቱ ውስጥ ደነገጠ። ከዘራውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ከንፈሩ «ወአለይኩም ሰላም» ሲል ያለ ድምፅ አነበብኩት።

አጎቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ዘሃራ! አየሽ? ታላቄ ሰላም አለኝ! በአላህ፣ ቀድሞ እሱ ሰላም አለኝ!»

ምን ልበለው? «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አጎቴ! ሂድ እንጂ!» አልኩት። ጫማውን ሳያደርግ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ጉብታው አናት ስንደርስ አባቴ ከወዲያ በኩል ሽቅብ እያለከለከ ሲመጣ አገኘነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ደግመው ተሳሳሙ፣ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ለኢኔስ የዝንቧን ነገር ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ቀድተሽዋል?» አልኳት።

«አልቀዳሁም» አለች፤ «ባልቀዳም ደግ አደረግሁ። ማን እንደጀመረ የሚመሰክር ምስል ባይኖር ነው የሚሻለው።»

ፋጡማ አባትም አጎትም ባልጎደለበት ሠርግ ተድራ ኮምቦልቻ ገባች። ኢኔስም ባሏ ሥራውን ሲጨርስ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አልሰማሁም። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ታናሽ ሆኖ እንድሪስ በትልቅነት በለጠኝ፤ ቀድሞ ሰላም ያለኝ እሱ ነው» ይል ነበር። አጎቴም በአባቴ ቀብር ላይ ያለቀሰው «ቀድሞ ሰላም ያለኝ ወንድሜ!» እያለ ነው። አሁን እሱም የለም።

ዓርብ ዕለት የስልኩ ድምፅ በድንገት ሲመለስ ለፋጡማ ምን እንዳሳቀኝ ነገርኳት። እሷም «እኔ እምለው ዘሃራዬ፣ ያን ቀን የጀመረው በውነት ማን ነበር? አንቺ እዚያው ነበርሽ» አለችኝ።

ሁለቱም አልፈዋል፤ ከእንግዲህ ማን ይከፋዋል ብዬ «ዝንብ ናት» አልኳት። የዝንቧን ነገር ከአጎታችን እጅ እስከ ኩታው አንድ በአንድ ተረኩላት። ጨርሼ ቀና ስል ድምፁ እንደገና ጠፍቶ ኖሯል። ፋጡማ እንደተሰናበትኳት መስሏት፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ልክ እንደ አባቴ።

እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩላት።