ከሩካና ግቢ የመጣ አፈር

ካስሞና ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የሩካናን ግድግዳ በጥፊ መምታት ነበር። ባሕሩ በገባ ቀን ደግሞ ጥፊው ብቻ አይበቃትም፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ «ሩካና! ውሃሽን ሰብስቢ!» ብላ ትጮኻለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሩካና የካስሞና ሟች ባል እህት ናት፤ አፍ አያንሳትም። «መጀመሪያ አንቺ ምላስሽን ሰብስቢ! ባሕሩን የጠራብን እሱ ነው!» ትላለች።

ጠባቸው የወለል ጠብ ነው። በዚህ በጃቫ ደሴት ሰሜን ዳርቻ መሬቱ ይሰምጣል፣ ባሕሩ ይገባል፤ ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ አፈር እየሞላ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። ጣሪያው ግን ባለበት ነው። እዚህ ሰፈር ሰው የሚጎብጠው እሱ ሲያረጅ ሳይሆን ቤቱ ሲያረጅ ነው። ሩካና ወለሏንና ግቢዋን አፈር ባስሞላች ጊዜ፣ እሷ ዘንድ ይተኛ የነበረው ውሃ መሄጃ አጥቶ ካስሞና ቤት ገባ። አልጋዋ ራሰ፣ የሩዝ ማስቀመጫዋ ራሰ፣ የባሏ መስገጃ ምንጣፍ ራሰ። የገዛ ወንድሟን መስገጃ! ካስሞና ይህን አልረሳችም፤ ለመርሳትም አልሞከረችም።

ደግ ሴት ነበረች ማለት ውሸት ነው። አባቷ ሩዝ በዘራበት ማሳ ላይ ባሏ ውሃ አስገብቶ ዓሣ አረባ። ባሕሩ የኩሬውን ግድብ ሲያፈርሰው፣ እሷ በዚያው ማሳ ላይ በጀልባ እየሄደች ሽሪምፕ የሚባለውን ደቃቅ የባሕር ፍጡር በመረብ ታፍስ ጀመር። አስጥታ፣ ወቅጣ፣ አብላልታ ለወጥ ማጣፈጫ ትሸጠዋለች። እጇ ሁልጊዜ ይሸታል፤ ጎረቤቶቿ ግን አፏ ይብሳል ይላሉ።

በዚያ ዓመት ዊዱሪ የምትባል የጂኦግራፊ ተማሪ ከዮግያካርታ ከተማ መጣች። ባሕሩ የሰዉን መተዳደሪያ እንዴት እንደለወጠው ለማጥናት ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። ካስሞና ሽሪምፗን እየወቀጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻት።

«እማማ፣ ውሃው ሲገባ መጀመሪያ የሚደርስልዎት ማነው?»

«ውሃው ነዋ!»

«ከሰው ማለቴ ነው።»

«ከሰው ማንም። ያቺ ወዲያ ያለችው እንደሆነች እኔ ብሰጥም ገላዋን ትታጠብበታለች።»

«አንቺ በሰጠምሽበት ውሃ?» አለ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ። «እከክ አምሮኝ ነው?»

ዊዱሪ ሳቋ አመለጣት። «ሳቂ!» አለቻት ካስሞና ዘነዘናውን ቀስራ። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ነገ ደረቅ አገርሽ ትገቢያለሽ!» ልጅቷ አፍራ አንገቷን ደፋች።

የምዕራብ ነፋስ የሚነሳበት ወር ሲቃረብ ግን ነገሩ ቀልድነቱ ቀረ። በዚያ ወር ባሕሩ ገብቶ አይወጣም፣ ይተኛል። የካስሞና ቤት ምሰሶዎች ከሥራቸው በስብሰዋል፤ አንድ ተጨማሪ ክረምት ውሃ ውስጥ ከቆሙ ቤቱ በላይዋ ይወርዳል። ልጅ አልወለደችም፣ የሚያስጠጋት ዘመድም የላትም። ወለሏ መነሳት አለበት። ያን ሁሉ አፈር አንድ ሰው አይሸከመውም፤ ደቦ ይጠራል። ጠሪዋ በገዛ እግሯ በየበሩ ሄዳ ትለምናለች እንጂ በሰው አፍ አይላክም።

ካስሞና ምላሷን ዋጥ አድርጋ በር እያንኳኳች ለመነች። ሁሉም እሺ አሏት። የሩካና በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ያን ደረቅ ግቢ አየችው፣ የባሏ ምንጣፍ ትዝ አላት። ምራቋን ጢቅ አድርጋ አለፈች።

በቀጠሮው ቀን ሩዙን ቀቅላ፣ ዓሣውን ጠብሳ፣ የሚለበልብ የቃሪያ ድልህ አዘጋጅታ በሯ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ማንም የለም። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌ አባባ ታርሞ ባዶ እጁን መጣ።

«ሰው የታለ?» አለችው።

«አይመጣም። ሩካናን ጠርተሻል?»

ካስሞና ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች።

«ግድግዳሽን የምትነካ ጎረቤት ሳትጠራ እኛ ብንገባ፣ በሷ ላይ ያደምን ነው የሚመስለው። ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። እሺ ያልንሽ እሷንም የጠራሽ መስሎን ነው። ምን ነካሽ፣ ጠገብሽ?»

«እሷን ከምለምን ብሰጥም ይሻለኛል!»

«ብዙ አትጠብቂም» ብሏት ሄደ።

ዝንቡ ሩዙን ሲወርረው ካስሞና ተነሳች። ተናድዳ ነው የተነሳችው፤ በሩካና፣ በታርሞ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። ድስቱን ታቅፋ የሩካናን በር በእግሯ መታችው።

«ብይ! ከሚበላሽ ብዬ ነው።»

«መርዝ የለበትም?»

«ለመርዝ መግዣ የለኝም።»

ሩካና እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ተገተረች። «የመጣሽበትን ተናገሪ። በየበሩ ስትለማመጪ ሰምቼሻለሁ፤ የኔ በር ላይ ስትተፊም አይቼሻለሁ።»

«ደቦ ጠርቻለሁ» አለች ካስሞና። «ወለሌን... ነይልኝ።»

ሩካና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እኔ ልሄድ ነው» አለች። «ልጄ ከባሕሩ የራቀ ቦታ አግኝቷል። ቤቴን ነቅለው ይወስዱታል። አፈሩን ማን ይሸከመዋል? አንቺ ውሰጂው።»

«ምጽዋትሽን አልፈልግም!»

«ማን መጸወተሽ? ባሕሩ ከሚበላው ብዬ ነው። ደግሞ ያ ቤት የወንድሜ ነው፤ ላንቺ ብዬ አይደለም።»

ሰፈሩ ተሰበሰበ። የሩካና ቤት ሳንቃ በሳንቃ እየተፈታ መኪና ላይ ተጫነ፤ ከሥሩ የተቆፈረው አፈር በቅርጫት በቅርጫት ካስሞና ቤት ገባ። ዊዱሪም እጇ እስኪላጥ ተሸከመች። የመጀመሪያውን ቅርጫት ግን የገለበጠችው ሩካና ራሷ ናት። «ያውልሽ፣ ስትረግሚው የኖርሽው አፈር!» አለች። ወለሉ እስከ ጉልበት ተነሳ፤ ጣሪያው የካስሞናን ፀጉር ነካ።

ሩካና ደህና ሁኚ አላለቻትም። ከመኪናው ላይ ሆና «ጎንበስ እያልሽ ግቢ፤ ግንባርሽን ይመታሻል!» ብላ ጮኸች። «ጎንበስ ማለት ደግሞ የት ታውቂና!»

«አንቺን ከማይ ግንባሬ ይሰበር!» አለች ካስሞና። መኪናው ሄደ።

የምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ባሕሩ የመጣው በሩካና ቦታ በኩል ነው። ለካ ያ የተረገመ ቤት ለዓመታት ማዕበሉን በጀርባው ይመልስ ኖሯል። አሁን ቤቱ ከነበረበት ጉድጓድ ውሃው እየተንደረደረ መጥቶ የካስሞናን ደጃፍ ይደበድባል። ወለሏ አልራሰም፤ አፈሩ ይዟል። እሷም እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ወጣችና ግድግዳውን በጥፊ ልትመታ እጇን ሰነዘረች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሩካና! ውሃሽን ሰብስቢ!»

ጆሮዋን ጣል አድርጋ ስድቡን ጠበቀች። የሚመልስላት ጠፋ።

«ሩካና!» አለች ደግማ፣ አሁን ስሟን ብቻ።