ያልተሞላችው በርሜል

ሰፈሩ ጋሽ በርሜል ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር በሚገባበት ዘመን ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሆዱ ሟሟ፣ ቀበቶውም ተጨማሪ ቀዳዳ ተበሳለት፤ ስሙ ግን ፍንክች አላለም። ሰው አንዴ ስም ካወጣልህ አለቀልህ።

ሥራው ከቤቱ ሥር ባለች ምድር ቤት ነጭ ወይን ጠጅ መጥመቅ ነው። ደረጃው ያዳልጣል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ አምፖሏ አንዲት ናት። ትልልቆቹ በርሜሎች በግራ በኩል ተደርድረዋል። በቀኝ ጥግ ብቻዋን የተቀመጠችው ትንሿ በርሜል የሚስቱ ናት። በየዓመቱ ከጓሮ ካለው ወይን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ጨምቃ ትሞላት ነበር። የመጨረሻውን ግን ሳትቀምሰው ሄደች።

በርሜል እንጨት ነውና ውስጡ ያለው ቀስ በቀስ ይተናል። የጎደለውን በሌላ ወይን ካልሞሉት አየር ይገባና ያኮመጥጠዋል። ጋሽ በርሜል ይህን አሳምሮ ያውቃል። የትልልቆቹን ጉድለት ሳይሰለች ይሞላል፤ ትንሿን ግን ጠብታ አላስነካትም፣ ከሚስቱ ሞት ወዲህ ቀምሷትም አያውቅም። የሚስቱ ታናሽ እህት ጎረቤቱ ናት፤ እሷም የራሷን ወይን ትጠምቃለች። ምድር ቤት በወረደች ቁጥር ትጨቀጭቀዋለች።

«ጋሼ፣ ኧረ አንድ ጣሳ ጨምርባት! ከኔ ላምጣልህ?»

«የሌላ ሰው ወይን ከገባባት የሷ መሆኗ ይቀራል።»

«በቃ ተወው። አንተን መምከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።»

አንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ መኪና ደጁ ቆመ። ከከተማ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከዓመታት በፊትም መጥተው ቀምሰው ነበር። ሴትዮዋ ምድር ቤት ወርዳ ዙሪያውን ቃኘችና «ባለቤትዎስ?» አለች። ነገራት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! ነፍስ ይማር። አልሰማንም እኮ።»

ብርጭቆ አለቅልቆ ከትልቁ በርሜል ቀዳላቸው። የዘንድሮው ጥሩ ነበር፤ ባልየው አስደገመ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሴትዮዋ ግን ወደ ጥግ ተመለከተች።

«ያኔ ባለቤትዎ ያቺን ትንሽ በርሜል እያሳዩን ‹ስትመለሱ ከራሴ እቀዳላችኋለሁ› ብለውን ነበር። እንዲያው ትዝ አለኝና ነው።»

ጋሽ በርሜል ባለበት ቆመ። ለማንም አልከፍታትም ብሎ ለራሱ ምሏል። ይሄ ግን የእንግዳ ልመና ሳይሆን የሚስቱ ቃል ነው። በሕይወቷ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም፤ ከሞተች በኋላ እንዴት ያሳጣት? ሄዶ የትንሿን በርሜል ቧንቧ ከፈተ። 

ባልየው ተጎነጨና «ደስ ይላል» ብሎ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ሴትዮዋም ስትጎነጭ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ በርሜል ትዝታው ያስለቀሳት መስሎት፣ ሚስቱን የሚያስታውስ ሌላ ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። የራሱን ብርጭቆ አነሳ። አፍንጫው ከምላሱ ቀድሞ ነገረው። ኮምጣጤ ነው።

እንግዶቹ ሰው ማሳፈር አይወዱምና ትንሽ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ከዘንድሮው ጥቂት ጠርሙስ ገዙ፣ አመስግነው ሄዱ። ብርጭቆዎቹ ከነኮምጣጤያቸው ቀሩ።

እህትየዋ ስትመጣ ሽታው ከደረጃው ተቀበላት። ‹ነግሬህ አልነበር!› ልትለው አስባ ፊቱን ስታይ ዋጠችው።

«ጋሼ» አለች ዝግ ብላ። «እሷ እኮ ትሞላት የነበረው በኔ ወይን ነው። ጎደለብኝ እያለች ጣሳ ይዛ ትመጣ ነበር። አንተ የሷ የምትለው ጣዕም የሁለታችን ነው።»



«ብቻዋን ተውኳት» አለና አለቀሰ።

ኮምጣጤ ሌላውንም ወይን ይበክላልና ትንሿ በርሜል ከምድር ቤት መውጣት ነበረባት። እህትየዋ ጓሮ ይደፋታል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ እያቃሰተ ደረጃውን አወጣት። መኝታ ቤት አስገብቶ ሚስቱ ትተኛበት በነበረው ጎን አስቀመጣት። ክፍሉ ዓይን ያቃጥላል። ሰፈሩም የሚለውን አላጣም፤ «በርሜል በርሜል አገባ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘንድሮው ምርጥ ወይን አንድ ጣሳ ይዞ ይወጣና ውታፏን ነቅሎ ይጨምርባታል። የገባው ሁሉ ኮምጣጤ ይሆናል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እህትየዋም ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ከበሩ ቆማ ልትናገረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ቤቷ ሄዳ ጣሳ ሞልታ ተመለሰች።

«እንካ ጋሼ፣ ከኔም ጨምርባት።»

ጣሳውን ተቀብሎ በርሜሏን እስከ አፏ ሞላት።