ነጭ ሆኖ ያደረው ጠጠር

ሰኞ እንዳይሆን ለምኜ ነበር። ቀጠሮ የምትሰጠው ልጅ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «እማማ፣ ማክሰኞ ምን የተለየ ነገር አላት?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በማደንዘዣ ሳስተኛ የኖርኩ መሆኔን ለዚያ ሆስፒታል ሰው አልተናገርኩም። ካርዴ ላይ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተጽፏል። እንዲስተካከልም አልጠየቅኩም።

እንቅርቱ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። በሻርፕ ሸፍኜው ሆሳዕና ገበያ ወጥቼ እገባ ነበር። ዘንድሮ ግን ጋደም ስል ጉሮሮዬን መጫን ጀመረ፤ ሐኪሙም መውጣት አለበት አለ። ቢላውን አልፈራሁም። የፈራሁት ጠዋት ማሽኑ ፊት የሚቆመውን ሰው ነው።

ማደንዘዣ ማለት መርፌ ወግቶ ማስተኛት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለከባድ ኦፕሬሽን የተኛ ሰው ራሱ አይተነፍስም፤ የሚያስተነፍሰው ማሽኑ ነው። ኦክስጅኑ ከሲሊንደሩ ይወጣል፣ ማደንዘዣው ባለበት ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ ተኑን ይዞ ይሄዳል፣ በወፍራም ቱቦ ወደ ሳንባ ይገባል። የተነፈሰው አየር በሌላ ቱቦ ይመለሳል። አየሩ መንገዱን እንዳይስት ሁለት ትንንሽ ክዳኖች መግቢያውንና መውጫውን ይጠብቃሉ። የተመለሰው አየር አይጣልም። ነጭ ጠጠር በተሞላ፣ ውስጡ በሚታይ ጣሳ በኩል ያልፋል። ጠጠሩን ሶዳ ላይም እንለዋለን፤ ሥራው የተቃጠለውን አየር መምጠጥ ነው። ከዚያ ያው ትንፋሽ ታጥቦ እንደገና ይገባል። ጠጠሩ ከደከመ ግን ሰውየው ያወጣው መርዝ መልሶ ወደ ራሱ ይሄዳል። ተኝቷልና አይጮኽም።

የደከመ ጠጠር ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። አደገኛው ነገር፣ ሁለት ቀን ሥራ ፈቶ ካረፈ ቀለሙ ተመልሶ መንጣቱ ነው። ጉልበቱ ግን አይመለስም። ዓርብ ሐምራዊ ሆኖ የተተወ ጠጠር፣ ሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ሰኞን ወዳስጠላችኝ ሴት ልምጣ። ስም አልጠራም። እንሠራበት የነበረው ሆስፒታልም ከተዘጋ ቆይቷል።

የኦፕሬሽን ክፍላችን ኃላፊ ነበረች። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ሁሉ ከወገቧ አይለይም። በእኛ ዘንድ ሰው ሳይጸለይለት ቢላ አይነካውም፤ ሐኪሙም፣ ነርሶቹም፣ ወለል የምትወለውለውም ሳትቀር አልጋውን ከብበው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም አንጋጫ ከወንጌላዊ ቤት ነው የተወለድኩት፤ ጸሎት አልጠላም። ነገር ግን የጸሎቱ ሰዓት የእኔ የመጨረሻ ፍተሻ ሰዓት ነበር። የቱቦውን ጫፍ በመዳፌ ደፍኜ፣ ከረጢቱን በአየር ሞልቼ እጨምቃለሁ። ከረጢቱ እንደተወጠረ ከቆየ ደህና ነው፤ ከሟሸሸ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ይህ ዓይን ጨፍኖ አይሠራም።

አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ሲስተር፣ አንቺ አሜን የምትዪው ዓይንሽን አፍጥጠሽ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺስ ጨፍነሽ ከነበር በምን አየሽኝ?» አልኳት።

ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያን ሳቅ ኋላ ላይ በደንብ አስከፍላኛለች።

አንድ ዓርብ ጠጠሩ ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ ሆነ። «ይለወጥ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩ። ሰኞ ስገባ ወረቀቱ ተነስቷል፣ ጠጠሩ ያው የዓርቡ ነው፣ ነጭ ሆኗል። አዲሱን ከቁም ሣጥኑ እንድታወጣልኝ ጠየቅኳት።

«እንደ ወተት የነጣ ዕቃ ላስጥል? ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ምን ልንሠራ ነው?»

«ዓርብ ሐምራዊ ነበር እኮ!»

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

ታማሚው ከቦኖሻ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያል። ተሸነፍኩ። እስከ ዛሬ ለማንም ያላመንኩት ይህን ነው፤ ማስተኛት አልነበረብኝም፣ አስተኛሁት።

ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ቀላ። ግንባሩ ላብ አወጣ፣ የልብ ምቱ ፈጠነ፣ ደም ግፊቱ ወጣ። የተቃጠለውን አየር የሚለካ ስክሪን በዚያን ጊዜ አልነበረንም። ጎንበስ ብዬ ጣሳውን ሳይ ሐምራዊ ሆኗል። ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ «ቁልፉን!» ብዬ ጮህኩ። እሷም አጠገቤ መጥታ ጣሳውን አየችው። በዓይኗ ነው ያየችው። ሮጣ አዲሱን ጠጠር አመጣች፤ ለወጥኩት። ሰውየው ተረፈ፤ ግን ቶሎ አልነቃም። ቤተሰቦቹ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ዋሉ።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ማስረጃ አምጪ ተባልኩ፤ አስቀምጬው የነበረውን ጠጠር ይዤ ገባሁ። ሦስት ቀን አርፎ መንጣቱን አውቃለሁ፤ ሌላ የማመጣው ግን አልነበረኝም።

«ይሄማ ከጋወንሽ ይነጣል፣ ሲስተር» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

«ነጭ ሆኖ ቢያድርም አትመኑት» አልኩ። «ጉልበቱ አልቋል።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። አንድ ነገር እንድትል ነበር የጠበቅኩት፤ «አዎ፣ አይቻለሁ» ቢበቃኝ ነበር። አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤ ትጽፍ ነበር። ጽሑፉ ሲነበብ «በሥራዋ ላይ ትኩረት የላትም፤ በጸሎት ሰዓት እንኳ ከባልደረቦቿ ጋር አትሆንም» ይላል። ከማሽኑ ተነስቼ ሁለት ዓመት ካርድ ክፍል ተቀመጥኩ።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል የተኛሁት። ያኔ ማደንዘዣ የምትሰጠኝ ልጅ ልታየኝ መጣች። አፌን አስከፈተችኝ፣ ጥርሴን ነካካች፣ አንገቴን ወደ ኋላ አስደገፈችኝ። ግንባሯን ሳየው አወቅኩት። የእናቷ፣ የዚያች ባለ ቁልፏ ኃላፊ ግንባር ነው።

«እናቴ ስምዎን ሰምታ ሰላም በያቸው ብላኛለች» አለችኝ። «አብረን ሠርተናል አለች።»

«ብዙ ሰው አብሮኝ ሠርቷል» አልኩ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቷ ምን ነግራታለች? በጸሎት የማታምን፣ ሰው ልትገድል የነበረች ብላት ይሆን? ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ልጅ የእናቷን ሙያ ትወርሳለች። ነጭ አይታ «እንደ ወተት የነጣ» ብላ ብታልፈውስ? ነገ ፊቴ ሲቀላ የማየው እኔ አይደለሁም።

ጠዋት አስገቡኝ። ቀና ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ጣሳውን ነው። ነጭ ነው። ነጭነቱ ነው ያስፈራኝ፤ ሐምራዊ ቢሆን ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። ብጠይቅ ማንነቴ በሁሉም ፊት ይታወቃል፣ ባልጠይቅ ትንፋሼ የሚያልፈው በዚያ ነው።

«እንጸልይ» አለ ሐኪሙ።

ሁሉም ጨፈኑ፤ እኔ አልጨፈንኩም። በራስጌዬ በኩል ወደ ላይ ሳይ ልጅቱም አልጨፈነችም። በአንድ እጇ የቱቦውን ጫፍ ደፍናለች፣ በሌላው ከረጢቱን ትጨምቃለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እንደተያዘ ሰው ፈገግ አለች።

ከአሜን በኋላ አልቻልኩም። «ልጄ፣ ያ ጠጠር ዓርብ ምን መልክ ነበረው?» አልኳት።

ደነገጠች። «ሐምራዊ። ዛሬ ጠዋት ነው አዲስ የሞላሁት።»

«ነጭ ሆኖ አላገኘሽውም?»

«ነጭ ነበር፤ ግን ነጭ ሆኖ ቢያድርም አይታመንም፣ ጉልበቱ አልቋል።»

ቃሉ የእኔ ነው። «ማን አስተማረሽ?»

«ኮሌጅም ተምረነዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ግን ከእናቴ ነው። እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው የምትለው፤ ሰውም ስታማ ትለዋለች።» ማስኩን ፊቴ ላይ አደረገች። «አሁን በደንብ ይተንፍሱልኝ።»

ተነፈስኩ። በንዴት ነበር የተነፈስኩት። ያን ቀን አንገቷን ደፍታ ሰምታኛለች፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ያልጻፈችውን ለልጇ አስተምራለች። የቀማችኝን ቃል አሁን በልጇ እጅ ትሰጠኛለች፤ በሕይወት የምነቃውም በእሱ ነው። የማስታውሰው እዚህ ድረስ ነው።

ማክሰኞ እናትየዋ በፔርሙስ ትኩስ ወተት ይዛ መጣች። አርጅታለች፤ ወገቧ ላይ ቁልፍ የለም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወተቱን በስኒ ቀዳችልኝ። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ጉልበቷ አወራች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጸሎት ተረፍሽ» አለች።

አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምፄ ሻክሯል። ቢሆንም ስኒውን አስቀምጬ፣ «ሐሙስ ዕለት ሰምተሽኝ ነበር ማለት ነው» አልኳት።

የፔርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋች፤ ደግማ አጠበቀችው። የቱ ሐሙስ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ሐኪሙ እንዳታወሪ ብሏል» አለችኝ። «ድምፅሽን አታድክሚ።»