የወንድሜ አንድ ዓይን

ከአንኮበር የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ መንደሩን ሲሸፍነው ነው። እማዬ ያን ቀን ጉሙን እንደ ዘመድ ስትጠብቀው ዋለች፤ "ምነው ዛሬ ቀረ? ይምጣ እንጂ!" እያለች በር በሩን ታያለች። በማግሥቱ ጠዋት ቀበሌ እንድቀርብ ተጠርቼ ነበር። ወንድሜን እሸቱንም የጠሩት "ለጥቂት ጥያቄ ነው" ብለው ነበር፤ ይኸው ጥያቄው እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ እማዬ በሶ ቋጥራ፣ የራሷን ነጠላ አልብሳ ለጋሽ ይማም አስረከበችኝ። ጋሽ ይማም የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ድሮ ለአባቴ የቀለም ዱቄት ከጅቡቲ ያመጣለት የነበረ ሰው።

"ልጄን አደራ፣" አለችው።

"አደራው የአላህ ነው፣ እትዬ አስካለ። እኔ የማውቀው መንገዱን ብቻ ነው።"

አቅፋ ሳመችኝና ዘወር ሳትል ገባች። እኔም አላለቀስኩም። የኛን አገር ቁልቁለት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እያለቀሱ አይወርዱትም፤ እግርን ካላዩ ገደል ነው።

መንገዱን አላበዛባችሁም። አንኮበር ላይ ብርድ ሲቆረጥመን "ፀሐይ የት ገባች?" እያልን የምንማጠን ሰዎች፣ አፋር በረሃ ላይ ስንደርስ ፀሐይን ስንረግማት ነው የምንውለው። በሶዬን ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ጨው ጨው ይለኛል፣ ግመሎቹ ይገላምጡኛል። እንደዚያ እንደዚያ እያልን ጅቡቲ ገባን።

የስደተኞች ጉዳይ የሚያየው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ለምን መጣሽ?"

"ወንድሜን ወሰዱት። እኔንም ሊደግሙኝ ነበር።"

"የወንድምሽን ፎቶ አሳዪን።"

"እናቴ አቃጠለችው።"

"ለምን?"

"ቤት ሲፈተሽ እንዳይገኝ ነዋ! ከጓደኞቹ ጋር የተነሣው ነው። እነሱም ይለቀሙ?"

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ ኋላው ተደገፈ። "ታዲያ ወንድም እንደነበረሽ በምን እናውቃለን?"

"እርስዎስ እናት እንዳለዎት እኔ በምን አውቃለሁ?" አልኩት። አስተርጓሚው ይህቺን አልተረጎማትም፣ እግዜር ይስጠው።

ግን ነገሩ ሆዴ ገባ። እውነቱን ነው እኮ፤ እማዬ በዚያ የአሰሳ ሰሞን አንድም አላስቀረች፤ የትምህርት ቤቱንም፣ ለጥምቀት የተነሣውንም ምድጃ ውስጥ ከታዋለች። የልጇን ፊት በእጇ አቃጠለች፤ ያውም እየነፋች፣ ቶሎ እንዲነድላት። ያን ያህል ፈርተን ነበር።

ከዚያ ሙሴ ሳሊም ከሚባል የመናዊ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁና ከአንድ ፈረንሳይ አስተማሪ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ማዳም፣ የአስተማሪው ሚስት፣ ከፓሪስ በፖስታ ሥዕል ትማር ነበር። በወሩ ትልቅ ፖስታ ይመጣል፤ ውስጡ "የሰውን ጭንቅላት እንዲህ አድርገሽ ጀምሪ" የሚል ትምህርት ከነሥዕሉ አለ። ተማሪ ሠርቶ ይልካል፣ መምህሩ በቀይ እርሳስ አርሞ ይመልሳል። ማዳም በሁለተኛው ፖስታ ሰለቸች። እኔ ወለል ስጠርግ እያቆምኩ ወረቀቱ ላይ ሳፈጥ አየችኝና "ጥሩ፣ በይ አንቺ ቀጥዪው፤ በስሜ ላኪ" አለችኝ። ሙሉ ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ አፏ አልገባ ብሎ ጥሩ ላይ ያቆማታል። በዚህ ዓይነት በወረቀት ላይ ፈረንሳይ ሆንኩላችሁ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበረ ቀለም እየፈጨሁ ነው ያደግሁት። ሴት ልጅ መቅደስ ገብታ አትስልምና ብሩሽ አልያዝኩም እንጂ መልኩን ሁሉ በዓይኔ አውቀዋለሁ። የፖስታው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሰውን መጀመሪያ አጥንቱን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ ቆዳውን መጨረሻ ያደርገዋል። ጅማቱ ከጆሮ ሥር ተነሥቶ እንዴት አንገትን አቋርጦ እንደሚወርድ ያሳያል። ይህን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስቀዳ ሙሴ ሳሊም በር ላይ ቆመ። ድሬዳዋ ኖሯልና አማርኛ ይችላል።

"አንድ ሰው ነኝ ብለሽ ገባሽ። አሁን ስንት ሆናችሁ?"

"ሥዕል ናቸው፣ ሙሴ ሳሊም።"

"ያውም ራቁታቸውን! ያኛው ጭራሽ ቆዳም የለው። ምን አድርገሽው ነው?"

"እንደዚሁ ነው የመጣው።"

"ስደተኛ ነው በይኛ፣" ብሎ ሄደ።

ዓመት ሲሞላ ጋሽ ይማም መጣ። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ "እናትሽ የእሸቱን መልክ ሳዪልኝ ብላለች" አለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተለውጧል፤ ድሮ "ለአብዮት ጠላት አይለቀስም" ተብለው አፋቸውን የያዙ እናቶች አሁን ቀስ እያሉ ለቅሶ እያወጡ ነው። በእኛ አገር አስከሬን ከሌለ ፎቶው ከፍ ብሎ ይያዛል፣ ልብሱ ይወጣል፣ አልቃሽ ያንን እያየች ነው የምትገጥም። እሸቱ ግን ያለችውን አንዲት ኮት እንደለበሰ ነው የሄደው። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ፊት የሌለው ለቅሶ ግን ማን ይደርሳል? አንቺ የአባትሽ እጅ አለሽ፣ ብላለች።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈለግሁም። እኔ እሸቱ አለ ባይ ነበርኩ። መንገድ ላይ ኮት የለበሰ ባየሁ ቁጥር እከተል ነበር፤ በጅቡቲ ሙቀት ኮት የሚለብስ ባይኖርም። ከሳልኩት ሞተ ማለት ነው፤ ለለቅሶ ነዋ የሚፈለገው። ካልሳልኩት ደግሞ እማዬ ልጇን ሳታለቅስ ልትሞት ነው። በመጨረሻው እርሳስ አነሣሁ።

አልመጣልኝም። እሸቱን ስስል ቅዱስ ጊዮርጊስ ይወጣል፤ ደግሜ ስስል ሚካኤል፣ ክንፍ ብቻ የቀረው። ሁሉም በሁለት ትልልቅ ዓይናቸው ያፈጡብኛል። ለፓሪስም እነሱኑ ላክሁ። መምህሩ ጻፈ፤ ማዳም አነበበችልኝ፦ "የተከበሩ ማዳም፣ ሰዎችዎ ሁሉ ምን አድርጌአቸው ነው የሚያዩኝ? እባክዎ አንድ ሰው ከጎኑ ይሳሉ። ፕሮፊል!" ማዳም በእኔ ሥዕል መወቀሷን አልወደደችውም።

ከጎን! ወይ ጉዴ። አባቴ ሲስል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያየን። በጎን የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚኖረው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው። "ፊቱን ያዞረ ከእግዜር ያዞረ ነው" ይል ነበር። እና ለሙከራ ሙሴ ሳሊምን ሳልኩት፤ አከራይ ነው፣ ምንም አይል። ግቢ ውስጥ ጫቱን ይዞ ተቀምጦ ነው የሳልኩት። ከአፍንጫው እስከ ማጅራቱ ቁጭ አለልኝ። ራሱም አይቶ "ወላሂ እኔ ነኝ! ሆዴን ብቻ ቀንሺው" አለ።

ያኔ ገባኝ። እሸቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በጎኑ ነው። ደብረ ብርሃን እስር ቤት ምሳ ይዤለት ስሄድ በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ እስረኞች ተሳፍረዋል። እሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጆሮው፣ አገጩ፣ የተላጨው ማጅራቱ። "እሼ!" ብዬ ጮህኩ። አንገቱን አነቃነቀ፣ መኪናው ተነሣ፣ ታጠፈ። እኔ ጋ የቀረኝ ይኸው ግማሹ ነው። ያን ግማሽ ትቼ የሌለኝን ሙሉ ፊት ስፈልግ ነበር የከረምኩት።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ከተማው ጭር ሲል፣ ሳልኩት። ሳልኩት አልልም፣ መጣ። ጅማቱ ከጆሮው ሥር ተወጠረ፣ ኮሌታው ተነሣ። ፈራሁና ነጠላ ጣል አደረግሁበት፤ ነጠላው ሥር ደግሞ የባሰ ያለ ይመስላል። ከሥራ ስመለስ ቁልፉን ከመክፈቴ በፊት ማንኳኳት ጀመርኩ፤ በራሴ ክፍል! "መጣሁ" እለዋለሁ። ምሳዬን ስበላ ጀርባዬን አልሰጠውም። እንዲህ ስሆን ሰንብቼ አንድ ቀን ነጠላውን ገለጥኩና ጩኸቴን ለቀቅሁት። የግቢው ሐበሾች ሮጠው መጡ።

"ምነው? ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ወንድሜ፣" አልኩ። መሞቱን ያኔ ነው መጀመሪያ ከአፌ ያወጣሁት። ሦስት ቀን አስለቀሱኝ፤ ሙሴ ሳሊም እንኳ ምንጣፍ አወጣልን። ሲያበቃ ደክሞኝ፣ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። እሸቱ ሞቷል፣ እማዬም አሁን ታልቅስለት አልኩ።

ጋሽ ይማም ሥዕሉን ጠቅልዬ ስሰጠው "ነፍስ ያለውን ነገር አላይም፣ እንደተጠቀለለ አደርሰዋለሁ" አለ። "እማዬን ይቅርታ በልልኝ፣ ይህንን ጎኑን ብቻ ነው የማውቀው በላት" ብዬ ለመንኩት። ፍርሃቴ እሱ ነበር፤ ልጇን ከይሁዳ ጋር አቆመችብኝ ትላለች ብዬ።

ከወራት በኋላ በቀጠሮ ስልክ ተገናኘን። እማዬ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ቴሌ ድረስ መጥታ ነው። መስመሩን ማን እንደሚያዳምጥ ስለማይታወቅ ስሙን አልጠራነውም።

"ጥሩዬ! የኔ እመቤት! በላሽ? ሙቀቱ ገደለሽ?"

"ደህና ነኝ፣ እማዬ። ያ ነገር ደረሰ?"

"ደረሰ።"

"ሰዎቹስ መጡ?"

"መጡ። ድንኳኑም ተተክሎ ነበር። መለስኳቸው።"

"አንድ ዓይን ስላደረግሁበት ነው? እማዬ፣ እኔ ያየሁት እንደዚያ..."

"የምን ዓይን! የአባትሽን ሰይጣኖች እድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። አንገታቸው ግንድ ነው። ይሄኛው አንገቱን እይው እስቲ፣ ሊዞር ነው እኮ! ለቀስተኛው በሙሉ አይቷል። ሊዞር የተነሣን ሰው ዋይ ይሉበታል? ነውር አይደለም? በሩን ፊት ለፊት እንዲያይ ሰቅዬዋለሁ።"

እኔ ሦስት ቀን አልቅሼ፣ አፈር አልብሼው ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ድምፅዋ ግን እሸቱ ከተወሰደ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ ደስ ብሏታል።

"ዞሮ ሲያበቃ ያለውን ደግሞ ሳዪና ላኪልኝ፣" አለች። "ሰዓት አልቋል" የሚል የቴሌ ሰው ድምፅ ገባ።

"እሺ፣ እማዬ፣" አልኳት።

የፖስታው ትምህርት ካለቀ ቆይቷል። እሷ ግን ስልክ ባገኘች ቁጥር ከሰላምታው ቀድማ "ዞረ?" ትለኛለች።

"እየዞረ ነው፣ እማዬ፣" እላታለሁ።